ቧንቧው ሳይሰፋ፦ ስዊች ውስጥ ማን ቀድሞ ይለፍ?

«ሃሎ! ይሰማል? ኧረ እየተቆራረጠ ነው!»

በኢንተርኔት ደውሎ ይህን ያላለ ሰው ያለ አይመስለንም። ድምፁ ሲቆራረጥ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንደርስበት መደምደሚያም አንድ ነው፦ «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው፤ ፍጥነቱ ይጨመር።» አንዳንዴ ልክ ነው። ግን እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ የተለመደ የድምፅ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ የሚፈልገው በሰከንድ 87 ኪሎቢት ገደማ ነው። መስመራችሁ በሰከንድ 20 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ጥሪው ከመስመሩ 200 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ታዲያ ይህን የምታህል ነገር እንዴት ማለፊያ ታጣለች?

ማለፊያ አላጣችም። ወረፋ ይዛ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህን ወረፋ ነው። ስዊች በሚባለው ዕቃ ውስጥ እንዴት ይፈጠራል? እንዴት ይደራጃል? ሲደራጅስ ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይከፍላል? ባለሙያዎቹ ይህን ሥራ «የአገልግሎት ጥራት» ይሉታል፤ በአጭሩ ኪውኦኤስ። ስሙ ትንሽ ያሳስታል፤ ሁሉም ነገር የሚሻሻል ያስመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፦ ኪውኦኤስ ማለት ማን እንደሚጠብቅ መወሰን ነው።

ከቦኖው እንጀምር

ቦኖ ውሃ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቧንቧው አንድ ነው፤ ወረፋው ረጅም። አንዱ ሰውዬ 10 ጀሪካን ደርድሯል። ከኋላው አንዲት ልጅ ጆግ ይዛ ቆማለች። «እኔ እኮ ይቺን ብቻ ነው፤ ጀበና ተጥዶ ነው» ስትል ሰውዬው ያሳልፋታል። እሷ ብዙ ደቂቃ ከመቆም ዳነች፤ እሱ ያጣው ጥቂት ሰከንድ ነው።

ልብ በሉ፤ ቧንቧው አንዲት ጠብታ አልጨመረም። የተለወጠው ተራው ብቻ ነው። ቢሆንም ሁለቱም ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ደስ ብሏቸዋል። ለምን? ምክንያቱም የልጅቷ ፍላጎት ትንሽና አስቸኳይ ነው፤ የሰውዬው ደግሞ ብዙና የማያስቸኩል። የኪውኦኤስ ሚስጥር በሙሉ እዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ስዊቹ ውስጥ ወረፋ ከየት መጣ?

ስዊች ኮምፒውተሮችን፣ ስልኮችንና ካሜራዎችን በገመድ የሚያገናኝ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ነው። ቀዳዳዎቹ ፖርት ይባላሉ። መረጃ በአንዱ ፖርት ይገባና በሌላው ይወጣል። የሚጓዘውም ፓኬት በሚባሉ ጥቅሎች እየተቆራረሰ ነው። በተለመደው የገመድ ኔትወርክ ላይ አንድ ፓኬት ቢበዛ 1500 ባይት፣ ማለትም 12,000 ቢት ይይዛል።

አንድ ፖርት በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችለው አንድ ፓኬት ብቻ ነው። በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያወጣ ፖርት ላይ ትልቁ ፓኬት ወጥቶ የሚያልቀው በ12 ማይክሮሰከንድ ነው፤ ዓይን ከመጨፈን እጅግ ያነሰ ጊዜ። በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሚያወጣ መስመር ላይ ግን ያው ፓኬት 0.6 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። 50 እጥፍ ማለት ነው። እሱ ወጥቶ እስኪያልቅ ሌላ ፓኬት ከደረሰ ሜሞሪ ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል። ያ ነው ወረፋው።

አሁን አንድ ትምህርት ቤት በምናባችን እንሥራ። 40 ኮምፒውተሮች በአንድ ስዊች ተያይዘዋል። ወደ ውጭ የሚወጣው የኢንተርኔት መስመር 20 ሜጋቢት ነው። 10 ተማሪዎች በድምፅ ጥሪ የቋንቋ ልምምድ ላይ ናቸው። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ተማሪ ለውድድር የሠራችውን 4 ጊጋባይት ቪዲዮ እየላከች ነው፤ ማስገቢያው ዛሬ ማታ ይዘጋል። ለጊዜው ስዊቹ ከ20 ሜጋቢቱ መስመር ጋር በቀጥታ ተያይዟል ብለን እንገምት። ይህን ግምት ኋላ ላይ እናፈርሰዋለን።

ፋይል የሚልክ ፕሮግራም አንድ ጠባይ አለው፦ መስመሩ ምን ያህል እንደሚችል አስቀድሞ ስለማያውቅ እየጨመረ ይሞክራል። ፓኬቶቹ በደህና እስከደረሱ ድረስ ፍጥነቱን ያሳድጋል። አንዱ ፓኬት ሲጣልበት «ኦ፣ በዛሁ» ብሎ ይቀንሳል። ችግሩ ፓኬት የሚጣለው ወረፋው ሞልቶ ሲፈስ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻውን ወረፋውን ሊሞላው ይችላል። ተማሪዋ ምንም ጥፋት አልሠራችም፤ አሠራሩ ራሱ እንዲያ ነው።

ወረፋው 500 ትልልቅ ፓኬቶች ይይዛል እንበል። 500 ሲባዛ በ0.6 ሚሊሰከንድ፣ 300 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ከኋላ የምትመጣ ትንሿ የድምፅ ፓኬት ይህን ሁሉ ጠብቃ ነው የምትወጣው።

ድምፅ ለምን ትዕግሥት የለውም?

300 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ ሲሶ ትንሽ ያነሰ ጊዜ፣ ለፋይል ምንም ማለት አይደለም። ቪዲዮው ከሰከንድ ሲሶ በኋላ ቢደርስ ማን ያውቅበታል? ለንግግር ግን ብዙ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር የሚመክረው በአንድ አቅጣጫ ያለው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ተነጋጋሪዎች አንዱ በአንዱ ላይ መናገር ይጀምራሉ፤ «አንተ ቀጥል»፣ «አይ፣ አንቺ ቀጥዪ» ይበዛል።

ሌላም አለ። የተለመደው የድምፅ ጥሪ ንግግራችንን በ20 ሚሊሰከንድ እየቆራረሰ በሰከንድ 50 ትንንሽ ፓኬቶች ይልካል። እያንዳንዷ 160 ባይት ድምፅ ትይዛለች፤ አድራሻዋና ሌላው ማሸጊያዋ ሲጨመር 218 ባይት ገደማ ትሆናለች። ከትልቁ ፓኬት ሰባት ጊዜ ያህል ታንሳለች፤ የእኛ ባለ ጆጓ ልጅ እሷ ናት። ተቀባዩ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ይጠብቃል። አንዷ ቶሎ፣ ሌላዋ ዘግይታ ከመጣች ድምፁ ይንገዳገዳል። በጣም የዘገየችዋ ብትደርስም አትጠቅምም፤ ቃሉ አልፏል። ተቀባዩ ይጥላታል፤ እኛም «እየተቆራረጠ ነው» እንላለን።

ስለዚህ ፋይል ብዙ ቦታ ይፈልጋል፣ መዘግየት ግን ግድ አይሰጠውም። ድምፅ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፣ መዘግየትን ግን አይችልም። ሁለቱን በአንድ ወረፋ ማሰለፍ ነው ጥፋቱ።

መስመሩ ሳይሞላስ?

«መስመሩ 80 በመቶ ብቻ ነው የተያዘው፤ ወረፋ ሊኖር አይችልም» የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። የዚህን መልስ ያገኘነው ከስልክ ዘመን ነው። ለኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሂሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎች በዘፈቀደ ሲመጡ ምን እንደሚሆን በሂሳብ አሳየ። የወረፋ ሳይንስ የተወለደው ከእሱ ሥራ ነው።

ከዚህ ሳይንስ ከወጡት ቀላል ሞዴሎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ ፓኬቶች በዘፈቀደ ሲደርሱ፣ አንድ ፓኬት ከመድረሱ እስከ መውጣቱ የሚፈጅበት አማካይ ጊዜ፣ ወረፋ ባይኖር ኖሮ ከሚፈጅበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር፣ መስመሩ 50 በመቶ ሲያዝ 2 እጥፍ ይሆናል። 80 በመቶ ሲያዝ 5 እጥፍ፣ 90 በመቶ ሲያዝ 10 እጥፍ፣ 99 በመቶ ሲያዝ 100 እጥፍ። አያችሁ አይደል? ወረፋው የሚያብጠው ቀስ በቀስ አይደለም፤ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ጠዋት ደህና የነበረ ኔትወርክ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሰው ሲጨመርበት ድንገት የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው።

ምልክት መስጠት

ወረፋውን ለመለየት ስዊቹ መጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ለዚህ ፓኬቱ ራሱ ላይ የሚጻፉ ሁለት ዓይነት ምልክቶች አሉ።

የመጀመሪያው ስዊቾች እርስ በርስ በሚጠቀሙበት የፍሬም መለያ ውስጥ የምትገኝ ባለ 3 ቢት ቦታ ናት። 3 ቢት ስለሆነች ከ0 እስከ 7፣ ስምንት ደረጃ ትገልጻለች። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ፦ በመስፈርቱ መሠረት ተራው መረጃ 0 ሲሆን፣ 1 ከእሱ በታች ነው! 1 የተሰጠው እንደ ባክአፕ ላለ፣ ቀን ከሌሊት ቢዘገይ ለማያስከፋ ሥራ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቅድሚያውም ይጨምራል ብሎ ያሰበ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው ምልክት በኢንተርኔት ፓኬቱ ራስጌ ላይ ያለው ባለ 6 ቢት ቦታ ነው፤ ዲኤስሲፒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተደነገገ ሲሆን 64 የተለያዩ ዋጋዎች ሊይዝ ይችላል። ለድምፅ የተለመደው 46 ቁጥር ነው። የቢሮ ዲጂታል ስልክ ብትከፍቱት ብዙውን ጊዜ በዚህ ቁጥር ተዋቅሮ ታገኙታላችሁ።

ግን አንድ ጥያቄ አለ። ምልክቱን የሚጽፈው ላኪው ከሆነ፣ ጌም የሚጫወት ኮምፒውተር ፓኬቶቹ ላይ 46 ቢጽፍስ? ይችላል። ይህ የግል መኪና ላይ የአምቡላንስ መብራት እንደ መስቀል ነው። ስለዚህ ኔትወርኩን የሚያዋቅረው ሰው የእምነት ድንበር ያበጃል፦ ስልኮቹ የተሰኩባቸው ፖርቶች ላይ ምልክቱን እመን፤ የተማሪ ኮምፒውተሮች ፖርት ላይ ግን የመጣውን ምልክት ሰርዘህ 0 አድርገው። የእኛ ተማሪዎች በኮምፒውተር ስለሚደውሉ፣ ስዊቹ የጥሪ ፕሮግራሙ የሚጠቀምበትን አድራሻና የፖርት ቁጥር አይቶ 46ቱን ራሱ ይጽፍላቸዋል። ያለዚህ ድንበር ኪውኦኤስ ለጉልበተኛ የተሰጠ ፈቃድ ይሆናል።

ተራ አስከባሪው

ብዙዎቹ ስዊቾች በእያንዳንዱ መውጫ ፖርት ላይ 4 ወይም 8 ወረፋ አላቸው። ምልክቱ ፓኬቷን ወደ ወረፋዋ ይመራታል። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ፣ ፖርቱ ነፃ ሲሆን ከየትኛው ወረፋ ይወሰድ የሚል ነው። ይህን የሚወስነውን ክፍል፣ ታክሲ ተራ ላይ እንደምናውቀው ሰው፣ ተራ አስከባሪ ብንለው ይገባናል። ተራ አስከባሪው ሁለት ዋና ዘዴዎች አሉት።

አንደኛው ጥብቅ ቅድሚያ ነው፦ ላይኛው ወረፋ ላይ አንድም ፓኬት ካለ ታችኛው አይነካም። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ለድምፅ ይህን ብንሰጥስ? የድምፅ ፓኬት ቢበዛ የምትጠብቀው መውጣት የጀመረውን አንድ ትልቅ ፓኬት፣ 0.6 ሚሊሰከንድ፣ እና በአጋጣሚ አብረዋት የደረሱትን የዘጠኙን ጥሪዎች ፓኬቶች ነው። እነዚያ እያንዳንዳቸው 0.087 ሚሊሰከንድ ይፈጃሉ። ሲደመር 1.4 ሚሊሰከንድ ገደማ። 300 የነበረው ወደ 1.4 ወረደ! ምንም አልተገዛም፤ ሴቲንግ ብቻ ተስተካከለ።

ቪዲዮዋን የምትልከው ተማሪስ ተጎዳች? 10ሩ ጥሪዎች የሚወስዱት ከመስመሩ 5 በመቶ አይሞላም፤ ያንን ደግሞ ቀድመው ቢያልፉም ኋላ ቢያልፉም መውሰዳቸው አይቀርም። ፋይሏ የሚያልቅበት ሰዓት የተለወጠ አይመስልም።

ጥብቅ ቅድሚያ ግን አደገኛ ጎን አለው። ላይኛው ወረፋ ካልጎደለ ታችኛው በረሃብ ይሞታል። ለምሳሌ አንድ ሰው «ቪዲዮም አስቸኳይ ነው» ብሎ የቪዲዮ ትምህርቶቹን በሙሉ ላይኛው ወረፋ ላይ ቢጭን፣ እነሱም 20 ሜጋቢቱን ቢሞሉት፣ የተማሪዋ ፋይል ይቆማል። ይዘገያል ማለታችን አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማስገቢያው ይዘጋባታል፤ ስክሪኗ ላይ ደግሞ «ኪውኦኤስ ነው ያቆመሽ» የሚል ጽሑፍ አይወጣም። ጥፋቱ ከኢንተርኔቱ ነው ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ሁለተኛው ዘዴ በክብደት መዞር ነው። ተራ አስከባሪው ወረፋዎቹን በየተራ እየዞረ ለእያንዳንዱ ድርሻውን ይሰጣል፦ ከዚህ 4፣ ከዚያ 4፣ ከመጨረሻው 2። ሁሉም ድርሻ አለው፤ ማንም አይራብም። አንዱ ወረፋ ባዶ ከሆነ ደግሞ ድርሻው ለሌሎቹ ይከፋፈላል እንጂ አይባክንም። እዚህ ጋ ጥሩ ተራ አስከባሪ የሚቆጥረው ባይት ነው እንጂ ፓኬት አይደለም፤ አለዚያ ትልልቅ ፓኬት የሚልከው ከድርሻው በላይ ይወስዳል።

ለትምህርት ቤታችን አንድ አደረጃጀት

ሁለቱን ዘዴዎች አዋሕደን እንዲህ ብናደርግስ? ለምን 19 ሜጋቢት እንዳልን ወዲያው እንመለስበታለን።

ከላይ፣ ስዊቾችና ራውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው የቁጥጥር ፓኬቶች። በጣም ጥቂት ናቸው፤ እነሱ ከጠፉ ግን ኔትወርኩ ራሱ ይበተናል።

ቀጥሎ ድምፅ፣ በጥብቅ ቅድሚያ፣ ግን በ2 ሜጋቢት ጣሪያ። 20 ጥሪ እንኳ ቢመጣ 1.74 ሜጋቢት ነው የሚፈልገው። ጣሪያው ምልክት አጭበርብሮ የገባ ቢኖር እንኳ ሌላውን እንዳያስርብ ይከላከላል።

የቀረው 17 ሜጋቢት ለሦስት ወረፋ በ4፣ 4 እና 2 ክብደት ይከፈላል፦ ለቀጥታ የቪዲዮ ትምህርት 6.8፣ ለተራው የድረ ገጽ ሥራ 6.8፣ ለትልልቅ ፋይልና ለባክአፕ 3.4 ሜጋቢት።

እስቲ በመጨረሻው ወረፋ ላይ ያለችውን ተማሪ እንያት። ሁሉም ሰው መስመሩን በሚያጨናንቅበት በክፉው ሰዓት እንኳ 3.4 ሜጋቢት አላት። 4 ጊጋባይቱ በ2 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ያልቃል። ሌሎቹ ወደ ቤት ሲሄዱና መስመሩ ለእሷ ብቻ ሲቀር፣ ሙሉውን ፋይል በ28 ደቂቃ የሚጨርስ ፍጥነት ታገኛለች። ቀርፋፋ ነው ልትሉ ትችላላችሁ፤ ግን ያልቃል። በጥብቅ ቅድሚያ ብቻ ቢሆን ግን ማልቀሱ ላያልቅ ይችል ነበር።

ወረፋው የት ነው ያለው?

አሁን ያቆየነውን ግምት እናፍርስ። በእውነተኛው ዓለም ስዊቹ ብዙውን ጊዜ የሚያያዘው ከራውተር ጋር ነው፤ ያውም በ1 ጊጋቢት ገመድ። ወደ 20 ሜጋቢት የሚጠበው ከራውተሩ ወይም ከኢንተርኔት አቅራቢው ሞደም በኋላ ነው። ታዲያ ወረፋው የት ይፈጠራል? ስዊቹ ውስጥ አይደለም! ስዊቹ የመጣለትን ሁሉ በ1 ጊጋቢት ያሳልፋል፤ ወረፋው የሚከመረው እናንተ ያላዋቀራችሁት ሞደም ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ሰልፍ ይቆማል።

ብዙ ጀማሪዎች ስዊቹን በጥንቃቄ አዋቅረው «ምንም ለውጥ የለም» የሚሉት ለዚህ ነው። ባዶ ሰልፍ ላይ ተራ አስከባሪ አቁመዋል።

መፍትሔው ብልህ ነው፦ ወረፋውን ወደ ራሳችሁ ዕቃ አምጡት። የስዊቹን መውጫ ፖርት ከ20 ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ፣ 19 ሜጋቢት ላይ ገድቡት። ያን ጊዜ ጠባቡ በር የእናንተ ይሆናል፤ ወረፋውም እናንተ ባደራጃችሁበት ቦታ ይከመራል። የሞደሙ ሰልፍ ባዶ ሆኖ ይውላል። 1 ሜጋቢት መሥዋዕት አድርጋችሁ ሥልጣኑን ገዛችሁ ማለት ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ከእጃችሁ ውጭ ናቸው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለሚወጣው መረጃ ነው፤ ወደ እናንተ የሚገባውን የሚያሰልፈው አቅራቢው ነው። በተጨማሪም የጻፋችሁት 46 ከግቢያችሁ ከወጣ በኋላ ሌሎች ኔትወርኮች የማክበር ግዴታ የለባቸውም።

«ሜሞሪ እንጨምር» የሚለው ሐሳብ

ፓኬት እንዳይጣል ወረፋውን ማስረዘም መፍትሔ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ጆን ናግል የተባለ ባለሙያ ይህን ሐሳብ እስከ ጥጉ ወሰደው፦ ስዊቾች ወሰን የሌለው ሜሞሪ ቢኖራቸውስ? ያገኘው መልስ አስገራሚ ነበር። ወረፋው እየረዘመ ሄዶ ፓኬቶቹ ተራቸው ሳይደርስ ዕድሜያቸው ያልቃል፤ ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ምንም አያደርስም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በጥቅምት 1986 እ.ኤ.አ.፣ ኢንተርኔት መጨናነቅ ምን እንደሚያደርግ በተግባር አየ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ወደ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በሰከንድ 32,000 ቢት ይተላለፍ የነበረው ወደ 40 ቢት ወረደ። 800 እጥፍ! ቫን ጃኮብሰን ከዚህ ተነሥቶ፣ ዛሬ ፋይል ስንልክ ፓኬት ሲጣል ፍጥነት የሚቀንሰውን ዘዴ ሠራ። ፓኬት መጣል «ቀስ በል» የሚል መልእክት መሆኑን ያየነው ከዚህ ነው። ወረፋው እጅግ ከረዘመ መልእክቱ ዘግይቶ ይደርሳል።

ያው ጃኮብሰን ከካትሊን ኒኮልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ሌላ ዘዴ አቀረበ። ዘዴያቸው የወረፋውን ርዝመት ትቶ፣ ፓኬት የጠበቀበትን ጊዜ ይለካል፤ ጥበቃው ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ሆኖ ከዘለቀ አንዳንድ ፓኬት እየጣለ ላኪዎቹን ቀስ ያሰኛል። ዛሬ ብዙ የቤት ራውተሮች ላይ ይህን ዘዴ ወይም ዘመዶቹን ማብራት ይቻላል።

ሂሳቡ የሚለው የመጨረሻ ቃል

እ.ኤ.አ. በ1965 ሊዮናርድ ክላይንሮክ ስለ ወረፋ አንድ ሕግ አረጋገጠ፤ በእንግሊዝኛ ስያሜው የጥበቃ ሕግ ልንለው እንችላለን። በአማርኛ ጥበቃ ማለት መንከባከብም፣ ቆሞ መጠበቅም ስለሆነ፣ ስሙ በእኛ ቋንቋ የበለጠ ያምራል። ሕጉ በቀላሉ ሲነገር፦ በር ጠባቂው ሥራ እያለ እስካልተቀመጠ ድረስ፣ ተራውን ብትለዋውጡ የጥበቃው ጠቅላላ ድምር፣ በእያንዳንዱ ወገን የሥራ መጠን ሲመዘን፣ አይለወጥም። ከአንዱ የቀነሳችሁት ጥበቃ ሌላው ላይ ይጨመራል።

በትምህርት ቤታችን ብናሰላው፣ ከመስመሩ 5 በመቶ ለማይሞላው ድምፅ 300 ሚሊሰከንድ ስንቀንስለት፣ የቀረው 95 በመቶ የሚከፍለው በግምት 14 ሚሊሰከንድ ነው። ይህ ድንቅ ንግድ ነው። አሁን ግን ገልብጡት። ከመስመሩ 90 በመቶ የሚሆነውን «አስቸኳይ» ብንለውና ለእያንዳንዱ 10 ሚሊሰከንድ ብንቀንስለት፣ የቀረው 10 በመቶ 90 ሚሊሰከንድ ይከፍላል። ቅድሚያ የሚሠራው ለጥቂቶች ሲሰጥ ነው። ለሁሉም ከተሰጠ ቦኖው ጋ ያለው ሁሉ ጆግ ይዞ ከፊት ልቆም ማለት ይሆናል፤ ያኔ ተመልሶ አንድ ሰልፍ ነው።

እናንተም ሞክሩት

ቤት ውስጥ በቀላሉ ማየት ትችላላችሁ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ፒንግ የሚባለውን ትዕዛዝ ወደ አንድ የታወቀ ድረ ገጽ አስጀምሩ፤ ደርሶ መልስ የፈጀበትን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይነግራችኋል። ለአንድ ደቂቃ ቁጥሩን መዝግቡ። ከዚያ ትልቅ ፋይል መላክ ጀምሩና እንደገና መዝግቡ። ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ከዘለለ ወረፋውን በዓይናችሁ አያችሁት። ራውተራችሁ የመላኪያ ፍጥነት መገደቢያ ካለው፣ ከመስመራችሁ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አድርጉና ሦስተኛ ጊዜ ለኩ። ፋይል መላኩንም ጥሪውንም የምታደርጉት ከአንድ ቤት ስለሆነ፣ ልዩነቱን ከቁጥሩም ከጆሯችሁም ታገኙታላችሁ።

አንድ ቀን የትምህርት ቤታችሁን ወይም የመሥሪያ ቤታችሁን ስዊች የምታዋቅሩት እናንተ ትሆኑ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው መጥቶ «የእኔን ከላይ አድርግልኝ» ይላችኋል፤ አለቃውም፣ መምህሩም፣ ጓደኛችሁም። እነሱን አዳምጡ። ሴቲንጉን ከማስቀመጣችሁ በፊት ግን መጥቶ የማይናገረውን ሰው አስቡት፦ የመጨረሻው ወረፋ ላይ ያለው ማን ነው? ለእሱስ ስንት ተርፎለታል?